ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ የቤንዚን መኪና፦ ፊልትሮው ተደፍኖ ነው ወይስ ፖምፓው ደክሞ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የቤንዚን ነው፤ 1.6 ሊትር፣ 4 ሲሊንደር፣ ባለ ኢንጀክሽን። የነዳጅ ፊልትሮው ከሆዱ ሥር፣ ታንከሩ አጠገብ ነው ያለው። ጠዋት ሲነሳ ሞተሪኖው ከ4 እስከ 5 ሰከንድ መዞር አለበት። ሚኒሞ ላይ (ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ) ምንም አይልም፤ ሜዳ ላይም በ60 በሰላም ይሄዳል። ዳገት ላይ ወይም ለመቅደም ነዳጅ ሲሰጠው ግን ይንገጫገጫል፣ ያስነጥሳል፣ በ3ኛ ማርሽ ከ2500 ዙር በላይ አልወጣም ይላል። እግር ሲነሳለት ይረጋጋል። ከኋላ ወንበር ሥር የሚሰማው የፖምፓ ድምፅም ከበፊቱ ጎልቷል። የሞተር መብራቱ በርቷል፣ ኮዱ ፒ0171 ነው። ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው፣ የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነው። ከ3 ሳምንት በፊት የነዳጅ ፊልትሮው ተፈትቶ በኮምፕሬሰር ሲነፋ 2 ቀን ያህል ደህና ሆነና ተመልሶ ያው ሆነ። አንዱ ፖምፓው ይቀየር ይላል፣ ሌላው ኮይል (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው) ነው ይላል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በምን ላረጋግጥ? ፊልትሮው ከሆነስ ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ቁልፍ 14፦
እህቴ፣ የመልሱ ግማሽ ጥያቄሽ ውስጥ አለ፦ ሲነፋ ለ2 ቀን ተሻለው። ኮይል ቢሆን ኖሮ ፊልትሮ መንፋት ለአንድ ሰዓትም አያሻሽለውም ነበር።

ሚኒሞ ላይ ለምን ደህና እንደሚሆን እዪ። እንዲህ ያለ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት የሚጠጣው 1 ሊትር ገደማ ነው። ዳገት ላይ እግር ተጭኖ ሲወጣ ደግሞ በሰዓት 15፣ አንዳንዴም 20 ሊትር ይጠይቃል። ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ የመጀመሪያውን ሳይቸገር ያሳልፋል፤ ሁለተኛውን ማድረስ ያቅተዋል። ስለዚህ ጉዱ የሚወጣው ጭነት ሲመጣ ነው። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲፈጥን የሚስተካከል መኪና ካጋጠመሽ ፊልትሮውን ተይውና በአየር ፊልትሮውና በሞተሩ መካከል የተሰነጠቀ ቱቦ ፈልጊ።

መንፋቱን ግን ከእንግዲህ እንዳትደግሚው። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ለኢንጀክሽን የሚሠራው እስከ 10 ማይክሮን ገደማ የሚደርስ ቅንጣት ለመያዝ ነው። ቆሻሻው ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ ብቻ አይቀርም፣ ቃጫዎቹ መሀል ይሰካል። በጀርባው አየር ሲለቀቅበት የላይኛው ይረግፋል፤ ከረገፈውም ብዙው እዚያው ቆርቆሮው ውስጥ ይቀርና ነዳጅ መፍሰስ ሲጀምር ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። የ2 ቀኑ ምሕረት ይኸው ነው። የኮምፕሬሰር አየር ደግሞ ከ6 እስከ 8 ባር ነው። ወረቀቱን ከቀደደው መኪናው ለጊዜው በደንብ ይስባል፣ ሰውም «ተሻለው» ይላል። የተሻለው ፊልትሮው ማጣራት ስላቆመ ነው፤ ቆሻሻው ቀጥታ ነዳጁን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ይሄዳል።

ባለ መልቲሜትር፦
በአቅጣጫው ከቁልፍ 14 ጋር ነኝ። ግን ፒ0171 «ነዳጅ አንሷል ወይም አየር በዝቷል» ከማለት አያልፍም፤ ፊልትሮ የሚል ኮድ የለም። ኮድ ማንበቢያው ሞተሩ እየሠራ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ የረጅም ጊዜውን የነዳጅ ማስተካከያ (ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ነዳጅ) በመቶኛ ተመልከቺ። ሚኒሞ ላይ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ፣ ዳገት ላይ ወደ +20 የሚወጣ ከሆነ ነዳጁ እየደረሰ አይደለም። ሚኒሞ ላይ +20 ሆኖ በ2500 ዙር የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰርም ጭነት ላይ ልክ የመጀመሪያውን ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱን የሚለያቸው የነዳጅ ግፊት መለኪያ ጌጅ ነው። ሴንሰሩ ከሆነ ግፊቱ አይነቃነቅም፤ ፊልትሮ ወይም ፖምፓ ከሆነ ይወርዳል።

ጌጁ የሚሰካው በፊልትሮውና በኢንጀክተሮቹ መካከል ነው። ብዙ የቤንዚን ኢንጀክሽን መኪናዎች ከ3 እስከ 4 ባር ነው የሚሠሩት፤ የመኪናሽን ትክክለኛ ቁጥር ከመመሪያው ውሰጂ። ኢንጀክተሮቹ የተሰኩበት ቧንቧ ጫፍ ላይ ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ያለው ሬጉሌተር (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው) ካለ፣ ሚኒሞ ላይ 2.5 አካባቢ አንብበሽ ቱቦዋን ስትነቅዪ ወደ 3 ይወጣል፤ ይህ ጤና ነው። የነቀልሻት ቱቦ ውስጥ ቤንዚን ካገኘሽ ሬጉሌተሩ ተቀዷል፤ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቆሞ መለካት ግን አይበቃም። ረጅም ቱቦ ያለው ጌጅ ካገኘሽ በኮፈኑ ጠርዝ አውጥተሽ ከውጭ፣ መስታወቱ ላይ፣ በዝናብ መጥረጊያው አስይዢው። ወደ ውስጥ እንዳታስገቢው፤ ቱቦው ቢፈነዳ ቤንዚኑ ጭንሽ ላይ ነው። ሌላ ሰው ይንዳ፣ አንቺ ዳገቱ ላይ ጌጁን ተከታተዪ። ከ3 ወደ 2 እና ከዚያ በታች ከወረደ የጉልበቱ ማነስ ምክንያቱ ተገኘ።

የድሮ ጋራዥ፦
ይህን ሁሉ ከመልፋት ጌጁን ሰክተሽ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ወደ ታንከር የሚመለሰውን የጎማ ቱቦ በፒንሳ ለአንድ ሰከንድ ያዝ አድርጊው። ግፊቱ ወደ 5 እና 6 ባር ከዘለለ ፖምፓውም ፊልትሮውም ደህና ናቸው፤ ካልዘለለ ፖምፓው ሞቷል።

ባለ መልቲሜትር፦
ጋሼ፣ ፖምፓው ጉልበት እንዳለው ለማወቅ ያገለግላል፤ ስለ ፊልትሮው ግን ያሳስታል። መመለሻው ሲዘጋ የሚፈሰው ነዳጅ ወደ ምንም ይጠጋል። ምንም ያህል የተደፈነ ፊልትሮ ቢሆን ነዳጅ እስካልፈሰሰ ድረስ ግፊትን አይከለክልም፣ ትንሽ ዘግይቶ ያሳልፈዋል። ፊልትሮ የሚጋለጠው በመጠን ነው እንጂ በግፊት ብቻ አይደለም። የፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ ደግሞ በፒንሳ ሲያዝ ይሰነጠቃል።

የድሮ ጋራዥ፦
እውነት ነው፣ ለፖምፓው ብቻ ልበለው። መጠኑን በምን ትለኪያለሽ ቢባል በጀሪካን ነው። ፊልትሮውን የሚቀይር ሰው ቱቦውን መፍታቱ ስለማይቀር መለኪያው ምንም ተጨማሪ ሥራ የለውም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከቤት ውጭ፣ ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላ፦ ከፊልትሮው መግቢያ በፊት ያለውን ቱቦ ፈትተሽ በረጅም ጎማ ወደ ብረት ዕቃ አስገቢው። የፖምፓውን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝለትን ማብሪያ) ነቅለሽ 30 እና 87 የሚሉትን ቀዳዳዎች 15 አምፔር ፊውዝ ባለው ሽቦ አገናኚ፤ ፖምፓው ይሠራል። 30 ሰከንድ ቆጥረሽ አቁሚና ለኪ። ከዚያ መግቢያውን መልሰሽ አስረሽ በፊልትሮው መውጫ በኩል ያንኑ ድገሚ። ጤነኛ ፊልትሮ ሲሆን ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ይቀራረባሉ። በፊት ብዙ፣ በኋላ ትንሽ ከሆነ ፊልትሮው ነው። ሁለቱም ትንሽ ከሆኑ፣ ማለትም በ30 ሰከንድ ግማሽ ሊትር ካልሞላ፣ ችግሩ ከፊልትሮው በፊት ነው፦ ፖምፓው፣ የፖምፓው እግር ላይ ያለችው ወንፊት ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ።

ባለ መልቲሜትር፦
ለመስመሩ፦ ፖምፓው እየሠራ ሶኬቱ ላይ ቮልት ለኪ። ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ ሪሌው፣ ሶኬቱ ወይም የአሉታዊው ሽቦ ማሰሪያ ተበላሽቷል። ቮልት ያነሰው ፖምፓ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ምልክቱ ከተደፈነ ፊልትሮ ጋር አንድ ነው፤ ብዙ ደህና ፖምፓ በዚህ ምክንያት ይጣላል።

ሳትለኪ የምታዪው ሌላም አለ። መኪናው ጉልበት ሲያጣ ቆመሽ የታንከሩን ክዳን ክፈቺ። ፊሽ ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ወዲያው ከተሻለው የታንከሩ መተንፈሻ ተዘግቷል ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ሲፈታ ለክቼ ያንኑ ጊዜ እቀይረዋለሁ። የፊልትሮው አንድ ጫፍ በዳዶ የታሰረ የብረት ቱቦ ነው፣ ሌላው ጫፍ መሀሉ ቀዳዳ ባለው ብሎንና በ2 የመዳብ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) የታሰረ ነው። ግፊቱን እንዴት ልልቀቅ? ምን ምን ላዘጋጅ?

ቁልፍ 14፦
አዲሱን ፊልትሮ ስትገዢ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን የጫፎቹ ጥርስና የሚሠራበት ግፊት መግጠም አለበት። ለካርቡራተር የሚሆነው ግልጽ ፕላስቲክ ፊልትሮ ኢንጀክሽን ላይ አይታሰብም፤ የካርቡራተር ፖምፓ ግፊት ግማሽ ባር እንኳ አይደርስም፣ ያንቺ ግን 3 ነው። አብረሽ 2 አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ግዢ። አሮጌዎቹ አንድ ጊዜ ተጨፍልቀዋል፣ ዳግመኛ አይዘጉም። በመንገዱ ላይ የደረቀ የጎማ ቱቦ ካለ የሚተካው ለኢንጀክሽን ግፊት በተሠራ ቱቦና ጠርዙ ጎማውን በማይቆርጥ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ነው።

ከመሣሪያ፦ ለባትሪውና ለፊልትሮው መያዣ 10 ቁልፍ፤ ለጫፎቹ ብዙ ጊዜ 14፣ 17 ወይም 19። ለቱቦው ዳዶ የሚያስፈልግሽ ቱቦውን ለማሳለፍ ያህል ብቻ የተሰነጠቀው የቀለበት ቁልፍ ነው፤ ተራው ክፍት ቁልፍ የዳዶውን ማዕዘን ይበላዋል። ክሪክ፣ 2 ካባሌቶ (የተነሳው መኪና የሚያርፍበት የብረት እግር)፣ የዓይን መከላከያ፣ ቤንዚን የማይበላው ጓንት፣ ጨርቅና ሰፊ ሳህን ጨምሪ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅሽ በሚደርስበት ይቀመጥ፤ ቤንዚን ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያሰራጨዋል። መብራቱ የባትሪ ኤልኢዲ ይሁን፤ የጋለ አምፖል ላይ የቤንዚን ጠብታ ማረፍ ይበቃል።

ግፊቱን ለመልቀቅ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የፖምፓውን ፊውዝ ወይም ሪሌ ንቀዪ። ትንሽ ሠርቶ ይጠፋል። ሞተሪኖውን 2 እና 3 ሰከንድ ደግመሽ አዙሪ። ቁልፉን አጥፊ፣ የታንከሩን ክዳን ክፈቺ፣ የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ንቀዪ። የ30 ሰከንዱን መለኪያ ስትሠሪ ገመዱን ለዚያ ብቻ ትመልሻለሽ፤ ባትሪው ጋ ብልጭታ ስላለ ቤንዚኑ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይሁን፤ ስትጨርሺ የፈሰሰውን ጥረጊ።

ክሪክ ብቻውን መኪና አይሸከምም፤ ካባሌቶ ሳይገባ ከሥር እንዳትገቢ። መጀመሪያ ጫፎቹን በብሩሽ ከአቧራ አጽጂ፤ የምታፈርሺው ቆሻሻ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ከገባ የሚያጣራው የለም። ከዚያ በአንድ ቁልፍ ፊልትሮውን፣ በሌላው ዳዶውን ይዘሽ ፍቺ። ፊልትሮውን ሳትይዢ ዳዶውን ብቻ ካዞርሽ የብረት ቱቦው ይጠመዘዛል። ጨርቅ ጠቅልዪበት፣ ቀስ ብለሽ ሩብ ዙር፣ ግፊቱ እስኪተነፍስ ጠብቂ። ፊልትሮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ስለሚፈስ ሳህኑ ከሥሩ ይሁን።

አዲሱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተር ይጠቁም። ወረቀቱ ከአንድ ወገን ብቻ እንዲገፋ ነው የታጠፈው፤ ተገልብጦ ከታሰረ እጥፋቱ ይበተናል። ሁለቱንም ጫፍ መጀመሪያ በእጅ 3 እና 4 ዙር አስገቢ፤ በእጅ ካልገባ ጥርሱ ተዛብቷልና በቁልፍ እንዳታስገድጂው። የቀዳዳው ብሎን ሲታሰር አንዱ ሮንዴላ ከላይ፣ አንዱ ከታች ነው። ማጥበቂያው በብዙዎቹ ላይ 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ ስለሆነ በረጅም እጀታ አትጫኚው።

ከዚያ ፊውዙንና ባትሪውን መልሺ። ወዲያው አታስነሺ። ቁልፉን ክፈቺ፣ ፖምፓው 2 ሰከንድ ያህል ይሠራል፣ ዝጊ፤ 4 ጊዜ ድገሚው። በየመሀሉ ጫፎቹን በደረቅ ጣት ዳብሺ። እርጥበት ከሌለ አስነሺ፣ 5 ደቂቃ ይሥራ፣ እንደገና እዪ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም አንድ ጊዜ።

ካቻቢቴ፦
ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር፦ ጫፉ ባለ ጠቅታ ፕላስቲክ ከሆነ በቁልፍ ምንም አይፈታም። ሁለቱን ጆሮዎች ጨምቆ፣ ወዲህና ወዲያ አዙሮ መሳብ ነው። ሲመለስ ጠቅ ካለ በኋላ ወደ ኋላ ጎተት አድርጉት፤ በደንብ ያልገባ መጀመሪያ ላይ ይይዝና ግፊት ሲመጣበት ይወጣል። ከሥርም ከኮፈን ውስጥም ፊልትሮ ያጣችሁ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ ከፖምፓው ጋር አንድ ላይ ነው፤ ሲቀየር የክዳኑ ጎማ ቀለበትም አዲስ ይሁን፣ ታንከሩም ከሩብ በታች ሲሆን ነው የሚከፈተው።

መግባቴ ካልቀረ አንድ ጥያቄ። የናፍጣ ፒክአፕ ነው፤ ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ ይነሳና ከ1 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። በእጅ ሲፖምፕ እንደገና ይነሳል።

ናፍጣ ብቻ፦
አየር እየሳበ ነው። ቤንዚን ላይ ፖምፓው ከፊልትሮው በፊት ሆኖ ይገፋል፤ ስለዚህ የላላ ቦታ ነዳጅ ያፈሳል፣ በዓይን ይታያል። ብዙ ናፍጣ ላይ ግን ፊልትሮው በመሳቢያው በኩል ነው፤ የላላው ቦታ ወደ ውጭ አያፈስም፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው አትበል።

በመጀመሪያ የፊልትሮውን ጎማ ቀለበት እይ። የተለመደው ስህተት አሮጌው ቀለበት ላይኛው ወንበር ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ሲደረብበት ነው። አዲሱን በንጹሕ ናፍጣ ቀባ አድርገህ፣ በእጅ እስኪነካ አዙረህ፣ ከነካ በኋላ 3/4 ዙር ጨምር፤ ፊልትሮው ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ እሱን ተከተል። በቀበቶ ቁልፍ አይጠበቅም። ቀጥሎ ከሥር ያለውን የውሃ ማውጫና የሴንሰሩን ቀለበት። ሁሉም ደህና ከመሰለህ ከፊልትሮው መውጫ በኋላ ለጊዜው ግልጽ ቱቦ አስገባበት፤ አረፋ ካየህ አየሩ ከፊልትሮው ወይም ከዚያ በፊት ነው የሚገባው። ቱቦውን ወደ መግቢያው አዛውርና አረፋው ከቀረ ራሱ ፊልትሮው ጋ ነው።

አየሩን ለማስወጣት የእጅ ፖምፓዋን እስክትጠነክር ምታ። የድሮ ናፍጣ ላይ የኢንጀክተር ዳዶ አላልቶ ሞተሪኖ ማዞር የተለመደ ነው፤ ኮመን ሬይል (ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከአንድ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ የሚቀበሉበት አዲሱ ናፍጣ) ላይ ግን በፍጹም። እዚያ መስመር ላይ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ይደርሳል፣ ቆዳ ይበሳል። ኮመን ሬይል ላይ አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን ናፍጣ ሞልቶ መግጠምም አይመከርም፤ መሀለኛው ቀዳዳ የተጣራው ወገን ስለሆነ የምታፈሰው ቆሻሻ ቀጥታ ወደ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ይሄዳል።

ሌላም መለያ አለ። ናፍጣ ጉልበት ያጣው ጥቁር እየጨሰ ከሆነ ነዳጅ አላነሰውም፣ አየር ነው ያነሰው፤ ወደ አየር ፊልትሮና ቱርቦ ሂድ። የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ጉልበት ይወስዳል እንጂ ጥቁር ጭስ አያመጣም።

ጠያቂዋ፦
ተሠራ። ከፊልትሮው በፊት በ30 ሰከንድ 850 ሚሊ ሊትር፣ በኋላ 300። አዲሱ ከገባ በኋላ 820። ዳገቱ ላይ በ3ኛ ማርሽ ከ4000 ዙር አልፏል፣ የፖምፓውም ድምፅ ቀንሷል። አሮጌውን በመግቢያው በኩል ነጭ ጨርቅ ላይ ስገለብጠው ቡና የመሰለ ቀይ ዱቄትና ጥቂት ኳስ ኳስ የሚል ውሃ ወጣ። ለመሰንጠቅ ግራይንደር አለኝ።

ቁልፍ 14፦
ግራይንደሩን አርቂው! ብልጭታና የቤንዚን ትነት። ማየት ካማረሽ ውጭ ላይ ክፍቱን ለቀናት ይድረቅና በእጅ መጋዝ። ግን ጨርቁ የሚበቃሽን ነግሮሻል፦ ቀዩ ዝገት ነው፣ ውሃው ደግሞ የዝገቱ ምክንያት። ጥቁር ቢሆን የሚፈራርስ የጎማ ቱቦ እንጠረጥር ነበር።

የድሮ ጋራዥ፦
850 ያመጣ ፖምፓ ጤነኛ ነው፣ አትንኪው። በተደፈነ ፊልትሮ ላይ ሲገፋ ስለሚሞቅና ስለሚያልቅ ግን ቢቆይ ኖሮ እሱም ይከተል ነበር።

ታንከሩ ካልጸዳ አዲሱም መደፈኑ አይቀርም። ነዳጁ ሲያልቅ አካባቢ ፖምፓውን አውጥተሽ ታንከሩን ውስጥ እዪ፤ ከሥሩ ዝገት ከተከማቸ ታንከሩ ወርዶ ይታጠባል፣ ግድግዳው እየተቀረፈ ከሆነ ይቀየራል። ያኔ የፖምፓዋን ወንፊትም አብረሽ ቀይሪ። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ውሃው የሚገባው በዚያ ሊሆን ይችላል። ታንከሩ እስኪጸዳ ድረስ ከሩብ በታች አታውርጂው፤ በ5000 ኪሎ ሜትር ላይ የ30 ሰከንዱን መለኪያ ድገሚና ከ820ው ጋር አስተያዪው።

ባለ መልቲሜትር፦
ኮዱን አጥፊና የማስተካከያውን ቁጥር ከ2 እና 3 ቀን ጉዞ በኋላ እዪ። ኮምፒውተሩ የተማረውን እስኪረሳ መጀመሪያ ላይ ቤንዚን ቤንዚን ቢሸትሽ አትደንግጪ፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ወይም ቆሞ ባለበት ከሆነ ግን ሮንዴላዎቹን ፈትሺ።

ጠያቂዋ፦
ሮንዴላዎቹን አሁን አይቼ መጣሁ፣ ደረቅ ናቸው። ታንከሩ ቅዳሜ ይወርዳል።